አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ጋር የተዋጉት ግብር በዝቶባቸው ነው? ከ61ኛው ጥያቄ ጀርባ ያለው ታሪክ

የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ጁላይ 4 ቀን 2026፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን 2018፣ 250 ዓመት ይሞላዋል። በዓሉ ሲነሳ አንድ ታሪክ ተደጋግሞ ይነገራል። እንግሊዞች ሻይ ላይ ግብር ጨመሩ፣ አሜሪካኖቹ ተቆጥተው ሻዩን ባሕር ውስጥ ደፉ፣ ከዚያ ተዋግተው ነፃ ወጡ ይባላል።

አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ለዜግነት ፈተና ሲዘጋጁ አጥንተውታል። ለዓመታት ባገለገለው የ100 ጥያቄዎች ዝርዝር ውስጥ 61ኛው ጥያቄ «የቅኝ ግዛቶቹ ነዋሪዎች ከእንግሊዞች ጋር ለምን ተዋጉ?» ይላል። ሦስት መልሶች ተቀባይነት ነበራቸው። የመጀመሪያው «ግብር ስለበዛባቸው» ነው፤ በቅንፍ ደግሞ «ያለ ውክልና የተጣለ ግብር» የሚል አለው። ሁለተኛው «የእንግሊዝ ጦር ቤታቸው ስለተቀመጠ» ይላል። ሦስተኛው «ራሳቸውን በራሳቸው ስለማያስተዳድሩ» ነው።

ለፈተናው አንዱን መመለስ ይበቃ ነበር። ታሪኩን መረዳት ለሚፈልግ ሰው ግን ሦስቱም ችግር አለባቸው። ግብሩ ከፍተኛ አልነበረም። ወታደር ሰው በሚኖርበት ቤት ይግባ የሚል ሕግም ለንደን አላወጣችም። ሦስተኛው መልስ ወደ እውነቱ ይጠጋል፤ ግን የነገሩን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። አሜሪካኖቹ ለብዙ ዘመን ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ጦርነት ውስጥ የገቡት ይህንን የሚነጥቃቸው መንግሥት ሲመጣባቸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1763 በፊት የነበረው ኑሮ

በምሥራቃዊው የአሜሪካ ጠረፍ 13 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው የተመረጠ ምክር ቤት ነበራቸው። የመጀመሪያው በ1619 በቨርጂኒያ ተሰበሰበ። መምረጥ የሚችሉት በአብዛኛው ንብረት ያላቸው ነጭ ወንዶች ነበሩ። እንደዚያም ሆኖ በዘመኑ ዓለም ይህን ያህል ሰው የሚመርጥበት አገር ጥቂት ነበር።

አብዛኞቹን አገረ ገዥዎች የሚሾመው ንጉሡ ነው። ደመወዛቸውን የሚመድበው ግን በብዙዎቹ ቦታዎች የአካባቢው ምክር ቤት ነበር። ይህች ትንሽ ዝርዝር ለቀጣዩ ታሪክ ሁሉ ቁልፍ ናት። አገረ ገዥው የምክር ቤቱን ሕግ አላጸድቅም ካለ፣ ምክር ቤቱ ደመወዙን ያዘገይበታል። ከለንደን በተሾመ ሰው ላይ አሜሪካኖቹ ልጓም የነበራቸው በዚህ መንገድ ነው።

ለንደን የንግድ ሕጎችን ታወጣ ነበር። ዕቃ በየትኛው መርከብ ይጫን፣ የትኛው ምርት ለማን ይሸጥ የሚሉ ሕጎች ናቸው። በወረቀት ላይ ጥብቅ ነበሩ፤ በተግባር ግን ኮንትሮባንዱ በሰፊው ይካሄድ ነበር። የጉምሩክ ሹሞችም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ሁለቱም ወገን ይህን አኗኗር ለምዶታል። ለአሜሪካኖቹ ልማዱ መብት ሆነ፤ ለለንደን ደግሞ አንድ ቀን የሚስተካከል ዝርክርክነት ነበር።

ዕዳው ከየት መጣ

ነገሩን የቀየረው ጦርነት ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ የሰባት ዓመት ጦርነት በሚባለው ግጭት በዓለም ዙሪያ ተዋጉ። በአሜሪካ ምድር ውጊያው በ1754 ተጀመረ፤ በ1763 በፓሪስ ውል ተቋጨ። እንግሊዝ አሸነፈች። ፈረንሳይ ከካናዳ ወጣች። የእንግሊዝ መንግሥት ዕዳ ግን ወደ እጥፍ ተጠግቶ ከ120 ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ። በዚያ ላይ ወደ 10,000 የሚጠጋ ወታደር አሜሪካ ውስጥ እንዲቆይ ተወሰነ። ስንቅና ደመወዙን የሚችል ሰው ያስፈልግ ነበር።

የለንደን ባለሥልጣናት ጥያቄ ሚዛናዊ ሰው የሚጠይቀው ነው። ጦርነቱ በከፊል አሜሪካኖቹን ለመጠበቅ ተደርጓል። እንግሊዝ ውስጥ ያለው ሕዝብ በነፍስ ወከፍ ከእነሱ ብዙ እጥፍ ግብር ይከፍላል። በ1763 በፖም ጠጅ ላይ የተጣለ ግብር እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ረብሻ አስነስቷል። ታዲያ አሜሪካኖቹ ከወጪው ጥቂቱን ለምን አይሸፍኑም? ይህን ክርክር የክፉ ንጉሥ ሰበብ አድርጎ ማለፍ ታሪኩን ያጎድለዋል።

ቀረጥ ተቀንሶም ቁጣ መጣ

በ1764 የወጣው የስኳር ሕግ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሞላሰስ የሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት ነው፤ አሜሪካኖቹ ሩም የሚባለውን መጠጥ ይጠምቁበት ነበር። ከውጭ አገር ደሴቶች በሚገባ ሞላሰስ ላይ የነበረው ቀረጥ በጋሎን 6 ፔንስ ነበር። አዲሱ ሕግ ወደ 3 ፔንስ አወረደው። በግማሽ ተቀነሰ ማለት ነው። ነጋዴዎቹ ግን ከቀድሞው የበለጠ ተቆጡ። ምክንያቱም 6 ፔንሱን የሚከፍል ሰው እምብዛም አልነበረም። 3 ፔንሱ ግን በባሕር ኃይል መርከብና ዳኛ ብቻውን በሚፈርድበት ፍርድ ቤት ሊሰበሰብ ነው። የሕጉ መግቢያም ዓላማው ገቢ መሰብሰብ እንደሆነ በግልጽ ተናገረ።

ቀጥሎ የቴምብር ሕግ መጣ። ቴምብሩን እኛም እናውቀዋለን፤ ውል ስንዋዋል የምንከፍለው የቴምብር ቀረጥ የዚሁ ዘመድ ነው። በ1765 የወጣው ሕግ ጋዜጣን፣ የፍርድ ቤት ወረቀትን፣ የንግድ ፈቃድን፣ የመጫወቻ ካርታና ዳይስን ሳይቀር ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ እንዲሆኑ አዘዘ። ክፍያው ደግሞ በአሜሪካ እንደ ልብ በማይገኘው በእንግሊዝ ገንዘብ ነው። ሕጉ ጠበቃን፣ ነጋዴን፣ የጋዜጣ አታሚንና የመጠጥ ቤት ባለቤትን በአንድ ቀን ነካ። የሚጽፈውን፣ የሚከራከረውንና የሚያወራውን ሰው አንድ ላይ ማስቆጣት ትልቅ ስሕተት ነበር።

በቦስተን በኦገስት 1765 ሕዝቡ የቴምብር ሹሙን የአንድሩ ኦሊቨርን ምስል ዛፍ ላይ ሰቀለ። ከ12 ቀን በኋላ የምክትል አገረ ገዥውን የቶማስ ሃቺንሰንን ቤት አፈራረሰ። በኦክቶበር የ9 ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ኒው ዮርክ ላይ ተሰበሰቡ። ሹሞቹ በፍርሃት ሥራቸውን ለቀቁ፣ ነጋዴዎችም የእንግሊዝ ዕቃ ማስገባት አቆሙ። ገበያ የቀረባቸው የእንግሊዝ ነጋዴዎች ራሳቸው ፓርላማውን ይለምኑ ጀመር። በማርች 1766 ሕጉ ተሻረ።

ሕጉ በተሻረበት ቀን ግን ፓርላማው ሌላ አጭር ሕግ አወጣ። በአሜሪካ ላይ «በማናቸውም ጉዳይ ሁሉ» ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን አለኝ አለ። ቦስተንና ኒው ዮርክ በደስታ ደወል ሲደውሉ ይህን ሐረግ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከዚያ በኋላ ያለው የ10 ዓመት ፍጥጫ በዚህ ሐረግ ላይ ነው።

«ውክልና» ሲሉ ምን ማለታቸው ነበር

አሜሪካኖቹ «የመረጥነው ሰው በሌለበት ፓርላማ ግብር አይጣልብንም» አሉ። የለንደን ሹማምንት መልስ ነበራቸው። አንድ የፓርላማ አባል የሚወክለው የመረጠውን ቀበሌ ብቻ ሳይሆን መላውን ግዛት ነው አሉ። ይህ ሐሳብ በአማርኛ «የዕሳቤ ውክልና» ሊባል ይችላል። ማስረጃም አቀረቡ። ማንቸስተርና በርሚንግሃም ትልልቅ ከተሞች ሆነው ሳለ የራሳቸው የፓርላማ አባል አልነበራቸውም። ነዋሪ የሌለበት ኮረብታ የሆነው ኦልድ ሳረም ግን ሁለት አባላት ይልክ ነበር። ማንቸስተር ግብር ከከፈለች ቦስተን ለምን አትከፍልም ነው ነገሩ።

ይህ ክርክር ለእንግሊዛዊ ጆሮ ትክክል ነበር። ለአሜሪካዊ ጆሮ ግን እንግዳ ነበር። በቅኝ ግዛቶቹ ተወካይ ማለት የአካባቢው ሰው ነው። መራጮቹ ያውቁታል፤ ካልተስማሙበት በሚቀጥለው ምርጫ ያወርዱታል። አንዱን ቃል ሁለቱ ወገኖች በ150 ዓመት ውስጥ በተለያየ መንገድ ተርጉመውታል።

ከሥሩ ደግሞ የሉዓላዊነት ጥያቄ አለ። ሉዓላዊነት የመጨረሻው ቃል የማን ነው ማለት ነው። የእንግሊዝ የሕግ ሰዎች በአንድ መንግሥት ውስጥ ሁለት የመጨረሻ ባለሥልጣን ሊኖር አይችልም ብለው ያምናሉ። አሜሪካኖቹ ግን በተግባር በሁለት ባለሥልጣን ሥር ኖረዋል። ንግዱን ለንደን ትቆጣጠራለች፤ የቤት ውስጡን ጉዳይና ግብሩን የራሳቸው ምክር ቤት ይወስናል። በእንግሊዝም ሐሳባቸውን የደገፉ ነበሩ። ዊልያም ፒትና ኤድመንድ በርክን የመሰሉ የፓርላማ ሰዎች መንግሥታቸው እየተሳሳተ እንደሆነ በግልጽ ተናግረዋል።

የአገረ ገዥው ደመወዝ

በ1767 የገንዘብ ሚኒስትሩ ቻርልስ ታውንሸንድ አዲስ ቀረጥ አመጣ። በመስታወት፣ በእርሳስ ብረት፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ነው። የገንዘቡ መጠን ትልቅ አልነበረም። አሜሪካኖቹን ያስደነገጣቸው ገንዘቡ ሊውልበት የታሰበው ጉዳይ ነው። ለአገረ ገዥዎችና ለዳኞች ደመወዝ ሊከፈልበት ነው።

ከላይ ያነሳነውን ልጓም ያስታውሱ። አገረ ገዥው ደመወዙን ከጉምሩክ ካገኘ ምክር ቤቱን የሚሰማበት ምክንያት የለውም። ዳኛውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ ቢሰበሰብም ባይሰበሰብም ለውጥ አያመጣም። እንዲህ ሲታይ በሻይ ላይ የተጣለች 3 ፔንስ የምታህል ቀረጥ ሕዝብን ለምን እንዳነሳሳች ግልጽ ይሆናል። በእኔ ግምት የጠቡን ሁሉ ልብ የሚያሳየው ከሻዩ ይልቅ ይህ የደመወዝ ጉዳይ ነው፤ በብዙ አጫጭር ታሪኮች ውስጥ ግን ስሙ እንኳን አይነሳም።

ነጋዴዎቹ እንደገና አደሙ። በኤፕሪል 1770 ፓርላማው ቀረጦቹን አነሳ፤ በሻይ ላይ ያለውን ግን ተወው። የተወው ለገቢው ብሎ ብቻ አይደለም። ሥልጣኑ አሁንም የእኔ ነው ለማለት ነው።

ርካሽ ሻይ ለምን ባሕር ገባ

የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚባለው የእንግሊዝ ትልቅ የንግድ ድርጅት በ1773 ሊከስር ደርሶ ነበር። ለንደን ባሉ መጋዘኖቹ በሚሊዮን ፓውንድ የሚመዘን ያልተሸጠ የቻይና ሻይ ተከምሯል። መንግሥት ሊያድነው ፈለገና የሻይ ሕግን አወጣ። ኩባንያው ሻዩን በቀጥታ ወደ አሜሪካ እንዲልክ ተፈቀደለት። በእንግሊዝ ይከፍል የነበረው ቀረጥም ተመለሰለት። አሜሪካ ውስጥ የሚከፈለው 3 ፔንስ ግን ባለበት ቀረ።

ውጤቱ ርካሽ ሻይ ነው። ከሆላንዶች በኮንትሮባንድ ከሚገባው ጋር በዋጋ ሊወዳደር ይችላል። ስለዚህ «ሻይ ተወደደባቸውና አመፁ» የሚለው ወሬ እውነቱን ይገለብጠዋል። አሜሪካኖቹ ያዩት ወጥመድ ነው። ርካሹን ሻይ ከገዙ ቀረጡን ከፈሉ፣ ቀረጡን ከከፈሉ የፓርላማውን ሥልጣን ተቀበሉ። ኮንትሮባንዲስቱ ነጋዴም ገበያው ሊዘጋበት ስለሆነ በኃይል ተቃወመ። መርሁና ጥቅሙ አንድ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም።

ፊላዴልፊያና ኒው ዮርክ የሻይ መርከቦቹን መለሷቸው። በቻርልስተን ሻዩ መጋዘን ገባ። ቦስተን ላይ ግን ነገሩ ከረረ። የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ በዚያን ጊዜ ቤቱ የፈረሰበት ያው ቶማስ ሃቺንሰን ነው። ሻዩን ከተረከቡት ነጋዴዎች ሁለቱ ልጆቹ ነበሩ። የራሱም ደመወዝ ከጉምሩክ ገቢ ይከፈለው ጀምሯል። ዳርትመዝ የተባለችው መርከብ ኖቬምበር 28 ደረሰች። በጉምሩክ ደንብ በ20 ቀን ውስጥ ቀረጥ ካልተከፈለ ጭነቱ ይወረሳል። ሃቺንሰን ቀረጡ ሳይከፈል መርከቦቹ አይመለሱም አለ።

ዲሴምበር 16 ማታ፣ ቀነ ገደቡ ሊያበቃ ሲል፣ ፊታቸውን ያጠቆሩና ሞሃውክ እንደሚባሉት የአገሬው ተወላጆች የለበሱ ሰዎች ወደ ግሪፊን ወደብ ወረዱ። ሦስት መርከቦች ላይ ወጡ። ወደ 340 የሚሆኑ ሳጥኖችን በመጥረቢያ እየፈለጡ ሻዩን ባሕር ውስጥ ደፉት። የባሕሩ ውኃ በዚያ ሰዓት ሸሽቶ ስለነበር ቅጠሉ ከመርከቦቹ ጎን ተከመረ። እየገፉ መበተን ነበረባቸው። የጠፋው ሻይ ወደ 42,000 ኪሎ ይጠጋል። ሌላ ንብረት እንዳይነካ ጥንቃቄ አድርገዋል።

ወታደሮቹ ሰው ቤት ገብተው ነበር?

ሁለተኛው የፈተና መልስ በሰው አእምሮ የሚስለው ሥዕል አለ። ቀይ ካፖርት የለበሰ ወታደር በር ገፍቶ ገብቶ የቤተሰቡ አልጋ ላይ ሲተኛ ይታያል። በ1765 ስለ ወታደር ማደሪያ የወጣው ሌላ ሕግ ግን እንዲህ አይልም። ወታደሩ መጀመሪያ በካምፕ፣ ካልበቃ በእንግዳ ማረፊያና በመጠጥ ቤት፣ ካልሆነም ሰው በሌለበት ቤትና በጎተራ እንዲያድር ነው የሚያዘው። የ1774ቱ ሕግም ለአገረ ገዥው ባዶ ሕንፃ የመያዝ ሥልጣን ሰጠ እንጂ ቤተሰብ ያለበትን ቤት አልከፈተም።

የሕጉ ሕመም ሌላ ቦታ ነው። የማገዶው፣ የሻማው፣ የመኝታውና የቢራው ወጪ በቅኝ ግዛቶቹ ላይ ወደቀ። ይህ በሌላ በር የገባ ግብር ነው። የኒው ዮርክ ምክር ቤት ሙሉውን አልከፍልም ሲል፣ እስኪከፍል ድረስ ሕግ እንዳያወጣ በ1767 ፓርላማው አገደው። አንድ የተመረጠ ምክር ቤት በለንደን ትእዛዝ ሊዘጋ እንደሚችል ሌሎቹም አዩ።

ወታደርና ሕዝብ በአንድ ከተማ መኖራቸው ግን በራሱ አደገኛ ነበር። ከ1768 ጀምሮ ቦስተን ውስጥ የሰፈሩት ወታደሮች ደመወዛቸው ትንሽ ነው። በትርፍ ሰዓታቸው የቀን ሥራ ይፈልጋሉ፤ ከአካባቢው ሠራተኛ ባነሰ ዋጋም ይሠራሉ። በማርች 1770 መጀመሪያ በአንድ የገመድ ፋብሪካ ጠብ ተነሳ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማርች 5 ማታ፣ ሕዝቡ በረዶና ዱላ ሲወረውር ወታደሮች ተኮሱ። አምስት ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ የአፍሪካና የአገሬው ተወላጅ ዘር ያለው መርከበኛ ክሪስፐስ አተክስ ነው። ወታደሮቹ ሲከሰሱ ጠበቃ የሆነላቸው ጆን አዳምስ ነው። ያው በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው። አብዛኞቹ ነፃ ተለቀቁ፤ ሁለቱ በሰው መግደል ተፈርዶባቸው አውራ ጣታቸው ላይ በብረት ተተኩሰው ተለቀቁ።

1774፦ ከድጡ ወደ ማጡ

ለፈሰሰው ሻይ ለንደን የመለሰችው መልስ ቅጣት ነው። የቦስተን ወደብ ከጁን 1 ቀን 1774 ጀምሮ ተዘጋ። የማሳቹሴትስ ቻርተርም ተቀየረ። ቻርተር ማለት ንጉሡ ለቅኝ ግዛቱ የሰጠው የመተዳደሪያ ሰነድ ነው። በአዲሱ ሕግ የአገረ ገዥው አማካሪዎች ከእንግዲህ አይመረጡም፤ ንጉሡ ይሾማቸዋል። የየከተማው ስብሰባ ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ በዓመት አንዴ ብቻ ይሆናል።

ወደቡ ሲዘጋ የተጎዳው ቦስተን ነው። ቻርተሩ ሲቀየር ግን በየገጠሩ ያለ ገበሬ ተነካ። ሻይ ደፍቶ የማያውቅ፣ ቦስተንን አይቶ የማያውቅ ሰው የመንደሩ ስብሰባ ተከለከለበት።

በሴፕቴምበር 6 ቀን 1774 ዉስተር በተባለች የገጠር ከተማ የሆነው ይህን ያሳያል። በአዲሱ ሕግ የተሾሙ ዳኞች ችሎት ሊከፍቱ ሲመጡ ከ4,600 በላይ ሚሊሻዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጠበቋቸው። ዳኞቹና ሹሞቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሰልፉ መሃል አለፉ። በየጥቂቱ እየቆሙ በአዲሱ ሕግ ሥር እንደማይሠሩ ደጋግመው አነበቡ። ጥይት አልተተኮሰም። ከቦስተን ውጭ በማሳቹሴትስ የንጉሡ አስተዳደር በተግባር ያበቃው በዚያ በጋ ነው። ጦርነቱ የተጀመረው ከ7 ወር በኋላ ነው።

በዚያው በሴፕቴምበር 1774 የ12 ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ኮንግረስ በተባለ ጉባኤ ፊላዴልፊያ ላይ ተሰብስበው ከእንግሊዝ ጋር ንግድ ለማቆም ተስማሙ። ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ወደ 700 የሚሆኑ የእንግሊዝ ወታደሮች በኮንኮርድ የተከማቸ መሣሪያ ሊይዙ ወጡ። ሌክሲንግተን ላይ 8 ሚሊሻዎች ተገደሉ። ሲመለሱ መንገዱ ሁሉ ተኩስ ሆነባቸው፤ 73 ወታደሮች ሞቱ።

ነፃነት የሚለው ቃል ዘግይቶ ነው የመጣው

ከሌክሲንግተን በኋላ እንኳን ብዙዎቹ መገንጠልን አልፈለጉም። በጁላይ 1775 ኮንግረሳቸው ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የእርቅ አቤቱታ ላከ። ደብዳቤ አትላንቲክን ለመሻገር ሳምንታት ይፈጅ ነበር። አቤቱታው ሲደርስ የቦስተን አካባቢ ጦርነት ወሬ ቀድሞታል። ንጉሡ አልቀበልም አለ። በኦገስት 23 አሜሪካኖቹ አመፀኞች ናቸው ብሎ አወጀ።

እስከዚያ ድረስ ክሳቸው በፓርላማው ላይ ነበር፤ ንጉሡን እንደ አባት ይለምኑት ነበር። አሁን ልመናው ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነ። በጃንዋሪ 1776 ከእንግሊዝ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ቶማስ ፔን የንጉሥ አገዛዝን ራሱን የሚነቅፍ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በገበሬ ቋንቋ ስለተጻፈ በየመጠጥ ቤቱ ተነበበ።

በጁላይ 4 ቀን 1776 የጸደቀው መግለጫ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። 27 ክሶችን ይዘረዝራል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል «እሱ እንዲህ አደረገ» እያሉ በንጉሡ ላይ ናቸው። ለ10 ዓመት የተጣሉት ፓርላማ ስሙ አልተጠራም። ይህ ስሕተት አይደለም። የፓርላማውን ሥልጣን መጀመሪያውኑ አንቀበልም ካሉ፣ የሚፈታው ውል ከንጉሡ ጋር ያለው ብቻ ነው። በ1778 ለንደን ልዑካን ልካ ከነፃነት በስተቀር የጠየቁትን ሁሉ ማለት ይቻላል ልትሰጣቸው ነበር። ያን ጊዜ ግን ከፈረንሳይ ጋር ተዋውለዋል።

መሬትና ባርነትስ?

እስካሁን ያልነው የፖለቲካ ማብራሪያ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ሌሎችም ያነሳሉ።

አንዱ መሬት ነው። በኦክቶበር 1763 ንጉሡ ከአፓላቺያን ተራሮች በስተ ምዕራብ ሰው እንዳይሰፍር አወጀ። ዓላማው ከአገሬው ተወላጆች ጋር ሌላ ጦርነት ላለመክፈት ነው። መሬቱን አስቀድመው ያሰቡት የቨርጂኒያ ባለሀብቶች፣ ጆርጅ ዋሽንግተንን ጨምሮ፣ አልወደዱትም። ይህ ምክንያት ለቨርጂኒያ ይሠራል፤ የቦስተንን ቁጣ ግን አያስረዳም። ለአገሬው ተወላጆች ግን ዋናው ጉዳይ ይህ ነበር። በ1783ቱ የሰላም ውል እንግሊዝ መሬታቸውን ለአሜሪካ ስትለቅ ስማቸው በውሉ ላይ አልሰፈረም።

ሁለተኛው ባርነት ነው። በ1775 ከነበረው ወደ 2.5 ሚሊዮን ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ያህሉ ባሪያ ነበር። በኖቬምበር 1775 የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከአመፀኛ ጌቶቻቸው ሸሽተው ለንጉሡ የሚዋጉ ባሮች ነፃ ይሆናሉ ብሎ አወጀ። ይህ አዋጅ በደቡብ የነበሩ ብዙ የሚያመነቱ ባለመሬቶችን ወደ አመፁ ገፋ። በ2019 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጋዜጣ አብዮቱ ባርነትን ለመጠበቅ እንደተደረገ ሲጽፍ ከባድ ክርክር ተነሳ፤ ጋዜጣው በኋላ «አንዳንዶቹ» በሚል አስተካከለው። እርማቱ ትክክል ይመስለኛል። ጠቡ ሲጀመር ባርነት አጀንዳ አልነበረም፤ ጦርነቱ ሲጀመር ግን ለደቡቦቹ ትልቅ አጀንዳ ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ነፃነትን የፈለጉት በእንግሊዝ ሰፈር ነው። ከእነሱ ወደ 1,200 የሚሆኑት በካናዳ በኩል ዞረው በ1792 በሲየራ ሊዮን ፍሪታውንን መሠረቱ።

ከውሉ በኋላም አልተስማሙም

በ1781 ዮርክታውን ላይ የእንግሊዝ ጦር ለአሜሪካኖችና ለፈረንሳዮች እጅ ሰጠ። በ1783 ሰላም ተፈረመ። ለንጉሡ ታማኝ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰደዱ፤ ብዙዎቹ ካናዳ ገቡ። ንግዱ ግን ወዲያው ተመለሰ፤ አሜሪካኖቹ ጨርቅና ብረታ ብረት የሚገዙት አሁንም ከእንግሊዝ ነበር።

እንግሊዝ በምዕራብ ያሉትን ምሽጎች እስከ 1796 አልለቀቀችም። የባሕር ኃይሏም ከናፖሊዮን ጋር ስትዋጋ በአሜሪካ መርከቦች ላይ ያሉ መርከበኞችን «የእኛ ዜጎች ናችሁ» እያለ በግድ ይወስድ ነበር። በጁን 1812 አሜሪካ ጦርነት አወጀች። በኦገስት 24 ቀን 1814 እንግሊዞች ከዲሲ ወጣ ብላ በምትገኘው ብላደንስበርግ ላይ አሸንፈው ከተማዋ ገቡ። የፕሬዚዳንቱን መኖሪያና ካፒቶልን አቃጠሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 24 በዛሬዋ ቤልጅየም ውስጥ ጌንት ላይ የእርቅ ውል ፈረሙ። ከዚያ ጦርነት ወዲህ ሁለቱ አገሮች ተዋግተው አያውቁም።

ዛሬ የሚታይበት

ጠቡ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ አሻራውን ትቷል። ግብርና ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የተሰጠው ለኮንግረስ ነው። የገቢ ሕግም መነሻው የተወካዮች ምክር ቤት መሆን አለበት። ሦስተኛው ማሻሻያ በሰላም ጊዜ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወታደር ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። በ2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግን ተመርኩዘው በብዙ አገሮች ዕቃ ላይ ቀረጥ ሲጥሉ፣ ከሳሾቹ ይህንኑ የኮንግረስ ሥልጣን አንስተው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው በየመኪናው ላይ ተለጥፏል። የከተማዋ ሰሌዳ «ያለ ውክልና ግብር መክፈል ይብቃ» የሚል ጽሑፍ አለው። ዲሲ ክፍለ ግዛት ስላልሆነች ወደ 700 ሺህ የሚጠጋው ነዋሪዋ የፌደራል ግብር እየከፈለ ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ አባል የለውም። አንድ ልዑክ አላት፤ ልዑኳ ትናገራለች፣ ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፅ አትሰጥም። ለውጡን የሚቃወሙት ሕገ መንግሥቱ ዋና ከተማዋን ሆን ብሎ ከክፍለ ግዛቶች ለይቷታል ይላሉ። ደጋፊዎቹ የ1765ቱን ክርክር ያነሳሉ።

በዚያው በ100ዎቹ ጥያቄዎች ዝርዝር ውስጥ ከ61ኛው ብዙ ቀደም ብሎ «ከክፍለ ግዛትዎ የሴኔት አባላት የአንዱን ስም ይጥቀሱ» የሚል ጥያቄ አለ። ተፈታኙ የዲሲ ነዋሪ ከሆነ ትክክለኛው መልስ «ዲሲ የሴኔት አባል የላትም» የሚል ነው።